ሲልኩት ወዴት

ጤነኛ ሞተር መነሣት ሊያቅተው ይችላል። ፒስተኑ አልተጫረም፣ ቫልቩ አልተቃጠለም፣ ቤንዚኑ ከታንኩ ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል፣ ካንዴላው ብልጭታውን ይዞ ይጠብቃል። አንዴ ቢነሣ ደብረ ብርሃን ደርሶ ይመለሳል። ግን አይነሣም። ጣት ቁልፉን ሲጫነው ከጎን ሽፋኑ ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ የፊት መብራቱ ፈዘዝ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ጸጥ። ባለቤቱ ደግሞ ይጫናል። ደግሞ «ቀጭ»።

ሞተር በራሱ አለመነሣቱ አፈጣጠሩ ነው እንጂ ሕመም አይደለም። አየርና ቤንዚን ለመሳብ መዞር አለበት፤ ለመዞር ደግሞ አስቀድሞ የሳበው አየርና ቤንዚን ተቃጥሎ ሊገፋው ይገባል። ነገሩ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ከውጭ መጥቶ የሚፈታው ሌላ ጉልበት ይፈልጋል። ድሮ የሰው ክንድ ወይም እግር ነበር። ዛሬ ሞተሪኖ ነው፦ ቀኑን ሙሉ እንደ ዕቃ ተጭኖ የሚዞር፣ ሥራው ከጥቂት ሰከንድ የማያልፍ፣ እምቢ ካላለ በቀር መኖሩ ትዝ የማይል ትንሽ ድፍን ብረት። ስለ መጀመሪያ አንቀሳቃሽ መፈላሰፍ ለሚወድ ሰው ይህ ጥሩ በር ይከፍታል፤ በሩን ለእሱ እተዋለሁ። እኔን የያዘኝ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድን ነገር «ደህና ነው» ለማለት ምን ያህል ማወቅ ይበቃል?

አንድ ወዳጄ አሮጌ ሆንዳ ሲቢ 750 አለው። ይህ ሞተር ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1969 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ አራት ሲሊንደር ጎን ለጎን የተደረደረለት፣ ከፊት ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት፣ በቁልፍም በእግርም የሚነሣ ነበር። ቁልፉ ለምቾት ነው፤ የእግር ፔዳሉ ለጥርጣሬ። በ1979 ባለሁለት ካም ሻፍቱ ትውልድ ሲመጣ ፔዳሉ ቀረ። ፋብሪካው ሞተሪኖውን አመነ ማለት ነው። የወዳጄ ሆንዳ ከዚህ ከሁለተኛው ትውልድ ስለሆነ ቁልፉ እምቢ ካለው የሚቀረው መግፋት ብቻ ነው፤ የማቀጣጠያውን ቁልፍ ከፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ማንደርደርና ድንገት መልቀቅ። ከ230 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ሲገፋ ያየ ሰፈር ሁሉ ያግዛል፤ ሰፈር ሁሉ ይመክራልም። ወዳጄ ውሎ አድሮ አዲስ አበባን በቁልቁለት ብቻ ማየት ጀመረ። ቡና የሚጠጣበትን ቤት በቡናው መምረጥ ትቶ በደጁ ተዳፋት ይመርጥ ገባ። እንጦጦ ሥር የተቆረቆረ ከተማ ለእንዲህ ያለው ሰው ቸር ነው። ባሕር ዳር ቢኖር ኖሮ ምን ይውጠው ነበር?

ክሱ በባትሪው ጀመረ። ይህ የተለመደ ነው፤ ባትሪ የሁሉ ጥፋት መጣያ ነው። አዲስ ተገዛ፣ ሆንዳው ለጥቂት ቀን ተሻለው፣ ከዚያ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ለጥቂት ቀን መሻሉ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ሐኪም ያላገኘው በሽተኛ ማስታገሻ ወስዶ «ዳንኩ» እንደሚለው ሁሉ ወዳጄም ምክንያቱን ያገኘ መሰለው። ቀጥሎ የተከሰሰው ሪሌው ነው። ጣት የሚጫነው ቁልፍ ለሞተሪኖው የሚያስፈልገውን ከባድ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ቢያሳልፍ ይቀልጥ ነበር። በቀጭን ሽቦ ትንሽ ትእዛዝ ወደ ሪሌው ይልካል፣ ሪሌው ትልቁን መንገድ ይከፍታል። «ቀጭ» የሚለው እሱ ነው። ድምፅ ያሰማው እሱ ስለሆነ ጥፋቱም የእሱ ተባለ፤ ሶማሌ ተራ ተወርዶ ሌላ ተገዛ፤ አዲሱም በተራው «ቀጭ» አለ። በእርግጥ ውስጡ ተቃጥሎ «ቀጭ» እያለ የማያሳልፍ ሪሌ አለ፤ መጠርጠሩ ግፍ አልነበረም። ግፉ ዝም ያለውን ሁሉ ነጻ ማውጣቱ ላይ ነው።

ከመርካቶ ወረድ ብሎ አንድ የቆርቆሮ ጋራዥ አለ። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚያሳርፉ፣ ለጥያቄ ቶሎ የማይመልሱ ሰው ናቸው። ወዳጄ በመንገድ ላይ የተገዛውንና የተመረመረውን ሁሉ ዘረዘረላቸው። በመጨረሻም፦

«ገመዱንም አይተነዋል፣ ጋሽዬ። ደህና ነው። በቴስተር ስንለካው በዚህም ጫፍ በዚያም ጫፍ 12 ነጥብ 6 ነው።»

«ሥራ ላልያዘ ሁሉ 12 ነጥብ 6 ነው የሚለው፣ አንተ ልጅ» አሉት።

የተናገሩት እንደ ቀልድ ነው። ረዳታቸው ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር አልለቀቀኝም። ያደረጉትን ልናገር፤ ቅርብ ሆኜ ስላየሁት በዝርዝር መናገር እችላለሁ።

ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው ቦታ ላይ አደረጉና ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደውን ጥቁር ገመድ በሁለቱም ጫፍ ነኩት። ቴስተሩ «ጢጥ» አለ። መንገዱ አልተቋረጠም ማለት ነው። ወዳጄ «አየህ» ብሎ አየኝ። ከዚያ ቴስተሩን ወደ ቮልት መለሱና አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ እዚያው ገመዱ በሚያልቅበት በሞተሩ ብረት ላይ አሳረፉ። አንድ መንገድ፣ ሁለት ጫፍ። ቴስተሩ ዜሮ አሳየ። «ተጫን» አሉት። ወዳጄ ቁልፉን ተጫነ፣ «ቀጭ» አለ፣ ቁጥሩ ከዜሮ ተነሥቶ አራት ገደማ ደረሰ። «ተወው።» ወደ ዜሮ ተመለሰ።

በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ መካከል አራት ቮልት መታየት የለበትም። ጤነኛ ገመድ የተቀበለውን ያደርሳል እንጂ በመንገድ አያስቀርም፤ ጥቂት የቮልት አሥረኛ ቢያስቀር ይቅር ይባላል። ይህኛው ከባትሪው ጉልበት ሲሶውን እየወሰደ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የገመዱ ጫፍ ከብረት ጆሮው ጋር የሚያያዝበትን ቦታ የሸፈነውን ጎማ በምላጭ ሲቀዱት ከውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ረገፈ። መዳቡ ተበልቷል። ከተገመደው የሽቦ ጭፍራ ውስጥ እስከ ጆሮው የሚደርሱት ጥቂት ክሮች ብቻ ነበሩ።

ሒሳቡ ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ካሳተመው ሕግ አያልፍም። የተበላሸው መጋጠሚያ ተቃውሞ 0.05 ኦም ነው እንበል። ቴስተር ሲመረምር የሚልከው አንድ ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ በዚያ ላይ የሚጠፋው የቮልት ሃያ ሺህኛ ነው፤ ማንም አያየውም። የቴስተሩ የራሱ ሽቦ ተቃውሞ እንኳ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ሞተሪኖው ሲነሣ ግን 80 አምፔር ይጠይቃል፤ ያው 0.05 ኦም አራት ቮልት ይወስዳል። ገመዱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተጠየቀው ነገር ነው።

ጨዋ ልጅን ስናመሰግን ሲጠሩት አቤት ሲልኩት ወዴት ይላል እንላለን። ይህ ገመድ የምስጋናው የመጀመሪያ ግማሽ አለው። በጠሩት ቁጥር አቤት ይላል፤ ቴስተሩ ጢጥ እያለ ይመሰክርለታል። የጎደለው ሁለተኛው ግማሽ ነው። የእኛ ምርመራ ሁሉ፣ የቴስተሩም የሰውም፣ ባመዛኙ መጥራት እንጂ መላክ አይደለም።

ጥፋቱ በመመለሻው መንገድ መገኘቱም ያለ ነገር አልመሰለኝም። ኤሌክትሪክ ሄዶ ካልተመለሰ አልሄደም፤ ይህን ማንም ተማሪ ያውቃል። ሆኖም ቀዩን ገመድ ሁሉም ይፈትሻል፣ ጥቁሩን የሚነካው የለም። ጉልበት የሚመጣበት ያሳስበናል፤ የሚመለስበት ግን ብረት ሁሉ መመለሻ ስለሚመስለን አደራውን ለብረቱ ትተን እናልፋለን።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። አርስቶትል ሜታፊዚክስ በተባለው ሥራው በዘጠነኛው መጽሐፍ ላይ የሜጋራ ሰዎች ከሚላቸው ፈላስፎች ጋር ይሟገታል። እነሱ እንደሚሉት አንድ ነገር ችሎታ አለው የሚባለው በሚሠራበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ግንበኛ ግንበኛ የሚሆነው ሲገነባ ነው፣ ሥራውን ሲያቆም ችሎታውም ይቆማል። አርስቶትል ይህን አይቀበልም። እንዲያ ከሆነ የተቀመጠ ሰው ሊነሣ አይችልም ማለት ነው፣ ዓይናማውም ማየት ባቆመ ቁጥር በቀን ስንት ጊዜ ይታወራል ይላቸዋል። መልሱ ጠንካራ ነው፤ ችሎታ በዕረፍት ሰዓትም አለ። ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ሳስበው ግን የሜጋራ ሰዎች ሙሉ በሙሉ የተሸነፉ አልመሰለኝም። ችሎታ በዕረፍት ካለ፣ አለመቻልም በዕረፍት አለ። የሚሸከመውና የማይሸከመው ገመድ ሥራ ሲፈቱ መንታ ናቸው፤ አንድ ቮልት፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ መልክ። አርስቶትል ስለ መኖር እውነቱን ተናግሯል። ስለ ማወቅ ግን ሜጋራዎቹ ሳያስቡት አንድ ነገር ነክተዋል፤ ካልሠራ በቀር ልዩነቱን የሚያሳይ ምንም የለም።

ገመዱ ተለወጠ። ሞተሩ ዞረ፣ ግን እያቃሰተ ዞረ። ሽማግሌው ይህን የጠበቁ ይመስላል። ሞተሪኖውን ከሲሊንደሮቹ ጀርባ፣ ከካርቡሬተሮቹ ሥር ፈትተው አወጡትና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ከመክፈታቸው በፊት በካቻቪቴ ጫፍ ክዳኖቹና አካሉ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ጭረት አደረጉ፤ ሲመለስ በነበረበት እንዲመለስ። ሁለቱን ረጃጅም ቡሎኖች ፈቱ፣ ክዳኑን ሳቡት፣ ጥቁር አቧራ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ከዘንጉ ጫፍ ላይ የወጡትን ስስ ማስተካከያ ቀለበቶች ረዳቱ እንዳይነካቸው እጁን መቱትና በወጡበት ቅደም ተከተል በሽቦ ላይ ሰኳቸው።

ጥቁሩ አቧራ የካርቦን ነው፤ ይህ ክፍል ሐሳብ ይጠይቃል። ሞተሪኖው ውስጥ የሚሽከረከር አካል አለ፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከቆመ ሽቦ ወደሚሽከረከር አካል መግባት አለበት። የሚገባው በካርቦን በኩል ነው፤ ከካርቦንና ከመዳብ ዱቄት ተጨምቆ የተሠራ ጥፍር የሚያህል ቁራጭ በስፕሪንግ ተገፍቶ የሚዞረውን የመዳብ ቀለበት ይነካል። እየነካ ይበላል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ታስቦ የተደረገ ነው። ከሁለት የሚፋተጉ ነገሮች አንዱ ማለቁ ካልቀረ፣ የሚያልቀው ርካሹና በቀላሉ የሚለወጠው ይሁን ተብሎ ካርቦኑ ከመዳቡ እንዲለሰልስ ተደርጓል። ሞተሪኖ የሠራ ሰው ሁሉ ማን ለማን ይለቅ የሚለውን ጥያቄ በብረት መልሶታል። መልሱ ፍትሐዊ ነው ወይ ብሎ ካርቦኑን የጠየቀው የለም። ይህን ከሰው ኑሮ ጋር ለማያያዝ እጄ ይበላኛል፤ ግን ካርቦን ሰው አይደለም፣ የሚያልቅ ሰው ደግሞ በስፕሪንግ ተገፍቶ ነው ቢባል እንኳ ይጮኻል።

አዲስ ካርቦን ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የወዳጄ ሆንዳ ካርቦኖች ከግማሽ በታች ወርደው ነበር። ካርቦን ሲያጥር ስፕሪንጉ ይላላል፤ መጨረሻ ላይ የመግፋት አቅሙ ያልቅና ካርቦኑ መዳቡን ከመጫን ይልቅ ይደገፈዋል። ልብ በሉ፤ መደገፍም መንካት ነው። ቴስተር ቢደረግበት አሁንም ጢጥ ይላል። አንድ ሚሊ አምፔር በመደገፍ ያልፋል፤ ሰማንያ አምፔር የሚያልፈው በመጫን ነው። ገመዱ ላይ ያየነው ነገር እዚህ በሌላ መልክ ተደገመ። አንዱ ጥፋት ሌላውን ሸፍኖት ነበር ማለትም ይቻላል፤ ገመዱ ሙሉ ጉልበት ስላላሳለፈ የካርቦኑ ድካም አልታየም። ሰንሰለት ውስጥ ያለ ሁለተኛ ደካማ ምንጊዜም በመጀመሪያው ደካማ ጥላ ሥር ይኖራል።

የመዳቡን ቀለበት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጸዱት። ረዳቱ የብረት መሞረጃውን ጥቁር ሸራ ሲያነሣ ከለከሉት፤ የዚያኛው ብናኝ ኤሌክትሪክ ሊያሳልፍ ስለሚችል በቁርጥራጮቹ መካከል ከቀረ ጣጣ ነው። ቀለበቱ አንድ ወጥ ሳይሆን ጎን ለጎን የተደረደሩ የመዳብ ቁርጥራጮች ነው፤ በመካከላቸው ማይካ አለ። ማይካው እንደ መዳቡ ቶሎ አይበላም፤ መዳቡ ሲወርድ እሱ ከፍ ብሎ ይቀርና ካርቦኑን ያነጥረዋል። በተሰበረ የመጋዝ ምላጭ እያንዳንዱን መስመር ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ታች ጫሩት። ይህ ረጅም ጊዜ ወሰደ፣ ማንም አልተናገረም፣ ሬዲዮው ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራ ነበር።

ስለ ሞተሪኖ ሳስብ ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ብዙ ባለሞተር የማያውቀው ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ከሁሉ የሚበረታው በቆመበት ነው። መዞር ሲጀምር በውስጡ ወደ እሱ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚቃወም ሌላ ቮልት ይወለዳል፤ በፈጠነ መጠን ተቃውሞው ያድጋል፣ የሚወስደውም ይቀንሳል። ቆሞ ሳለ ግን የሚከለክለው የለም፤ ያገኘውን ሁሉ ይጎትታል። ነገርን ከቆመበት ለማንሣት ከዚህ የተሻለ ባሕርይ አይገኝም። ይኸው ባሕርይ ገዳዩም ነው። መዞር ካቃተው ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም የኤሌክትሪኩ እጥፍ በእጥፍ ነው፤ ሁለት እጥፍ ሲወስድ አራት እጥፍ ይግላል። የጥገና መጻሕፍት ቁልፉን ከጥቂት ሰከንድ በላይ አትጫን፣ ካልተነሣ አሳርፈው የሚሉት ለዚህ ነው።

ሞተሪኖን ያስገኘው ይህን ድንበር ማወቅ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ በኦሃዮ ዴይተን የመኪና ማስነሻ ሲያስብ፣ ለዚህ የሚበቃ የኤሌክትሪክ ሞተር መኪናውን ሊያክል ነው ባዮች ነበሩ። ሒሳባቸው ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሞተር ትክክል ነበር። ኬተሪንግ ግን ከዚያ በፊት የገንዘብ መመዝገቢያ መሣሪያን በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅስ ሞተር ሠርቶ ነበርና ትንሽ ሞተር ለአፍታ ብቻ ከአቅሙ በላይ መሸከም እንደሚችል ያውቅ ነበር። ካዲላክ ይህን ማስነሻ በ1912 ሞዴሉ ላይ ገጠመው፤ ወደ ኋላ እየረገጠ ክንድ ይሰብር የነበረው የእጅ መዘወሪያም ቀስ በቀስ ጠፋ። ማስነሻው ወደ ሞተር ብስክሌት ያደረገው ጉዞ ግን ቶሎ አልተሳካም። ኢንዲያን የተባለው ፋብሪካ በ1914 ሄንዲ ስፔሻል በተባለው ሞዴሉ ላይ የኤሌክትሪክ ማስነሻ አቀረበ፤ ባትሪዎቹ ሸክሙን አልቻሉትም፣ ሞዴሉም ብዙ ሳይቆይ ቀረ። ከስልሳ ዓመት በኋላ እንኳ፣ በ1975፣ ኖርተን ኮማንዶ ለተባለው ሞተር ብስክሌት ማስነሻ ሲገጠምለት የሞተሪኖው ጉልበት ስላነሰ ብዙ ባለቤቶች እግራቸውን ማሳረፍ አልቻሉም። ማስነሻው ነበረው። አቤት ይል ነበር።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሸክም ካልጫኑበት አይታወቅም ካልን፣ ሸክሙ ደግሞ ያደክመዋል። ሽማግሌው «ተጫን» ባሉ ቁጥር ካርቦኑ ትንሽ ይበላል፣ ሽቦው ትንሽ ይግላል፣ ባትሪው ትንሽ ይጎድላል። ያለ ወጪ የሚገኘው እውቀት 12 ነጥብ 6 ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ምንም አያሳውቅም።

ወዳጅህን በመከራ እወቀው የሚባለውን ምክር ሁልጊዜ በጥርጣሬ የማየው ለዚህ ነው። ምክሩ እውነት ነው፤ ግን ምን አድርግ ይለኛል? መከራ ልፍጠርና ልፈትነው? ዋስ የሚሆነኝ ሰው አለ እንላለን፤ ስሙን ያስመዘግባል፣ ይፈርማል፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ዋሱ ዋስ መሆኑ የሚታወቀው ባለዕዳው የጠፋ ዕለት ነው። ያን ዕለት ለማየት ብሎ ዕዳውን የማይከፍል ሰው ዋሱንም ወዳጁንም ያጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ፊርማውን አይቶ ብቻ የሚተኛ ሰው ቴስተሩ ጢጥ ስላለ የተኛ ሰው ነው። ሁለቱም ሞኞች ናቸው ለማለት ይቀላል። ግን በሁለቱ መካከል የሚቀረው ቦታ በጣም ጠባብ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ሽማግሌው በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ የሚሠሩ ይመስለኛል፤ ሙያቸውም እሱ ነው። ሙሉውን ሸክም ይጭናሉ፣ ግን ለአፍታ። የጠየቁት መልስ እንዲታይ የሚበቃውን ያህል እንጂ ነገሩ እስኪሰበር አይደለም። «ተጫን» ካሉ በኋላ «ተወው» ለማለት ስንት እንደሚበቃ ጆሯቸው ያውቃል። ይህን ከመጽሐፍ ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም፤ መጽሐፉ ሰከንዱን ይነግራል እንጂ የሚያቃስተው የትኛው እንደሆነ አይነግርም። እኛ ግን በሰው ላይ ስንሆን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን እናደርጋለን። ዓመቱን ሙሉ ምንም አንጠይቅም፣ ከዚያ በአንድ ክፉ ቀን ሁሉንም እንጭንና በማይቆመው ላይ እንፈርዳለን።

ሞተሪኖውና ሞተሩ የሚገናኙበት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ማያያዣ አለ፤ ሞተሩ ሲነሣ ሞተሪኖውን ይለቀዋል። ካልለቀቀው ትልቁ ትንሹን እያሽከረከረ ያፈነዳዋል። ስለ አስተማሪና ተማሪ፣ ስለ ወላጅና ልጅ ከዚህ ብዙ ስብከት ማውጣት ይቻላል፤ ለሰባኪዎች ትቼዋለሁ። የወዳጄ ማያያዣ ደህና ነበር።

ምናልባት ይህ ሁሉ በቅርቡ የታሪክ ጉዳይ ይሆናል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባለሁለት ጎማም በየመንገዱ መታየት ጀምሯል። እሱ ሞተሪኖ አያስፈልገውም፤ ራሱ ሞተሪኖ ነው ማለት ይቻላል፣ በቆመበት የሚበረታው ሞተር ጎማውን ራሱ ይዞታል። ነገር ግን ባትሪው ስንት እንደቀረው የሚያሳይ መስታወት ከፊቱ አለ። ያ መስታወት መቶ በመቶ ሲል ባየሁ ቁጥር የእንጦጦን አቀበት ተጠይቆ እንደሆነ ለማወቅ እፈልጋለሁ።

ሞተሪኖው በአዲስ ካርቦን ተገጥሞ ቦታው ሲመለስ ወዳጄ ወዲያው ማስነሣት ፈለገ። ሽማግሌው መጀመሪያ የማቀጣጠያውን ሽቦ ነቀሉት፤ ሞተሩ ተነሥቶ ሸክሙን እንዳያቀልለት። ካንዴላዎቹን ግን አላወጡም፤ የታፈነው አየር ሸክም እንዲሆን። ቴስተሩን በሞተሪኖው ራስ ላይ አድርገው «ተጫን» አሉ። ሞተሩ ሳያቃስት ዞረ። ቁጥሩ ከ10 በላይ ሆኖ ቆመ። «ተወው።» ሽቦውን መለሱት፣ ወዳጄ ተጫነ፣ ሆንዳው ተነሣ፣ ረዳቱ አጨበጨበ።

ሒሳቡ የገመድና የሁለት ካርቦን ዋጋ፣ ከዚያ የእጅ ነበር። የእጁ ከዕቃው በብዙ ይበልጣል፤ ወዳጄ በዚህ ላይ ትንሽ ተከራከረ፣ ሽማግሌውም አልቀነሱለትም፣ ልክ ነበሩ። ገንዘቡን ሲቆጥርላቸው፦

«በቃ ድኗል አይደል፣ ጋሽዬ? ዋስትና አለው?»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው መለሱ። «አሁንማ ሞተሩ ሞቋል፣ ዘይቱ ቀጥኗል፤ ቀልሎታል። ነገ ሌሊቱን ውጭ አሳድረውና በማለዳ፣ ብርድ እንዳለ፣ አስነሣው። ከዚያ ደውልልኝ።»